ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም

አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ካፌ ያላትና የዋይፋይ ካርድ የምትሸጥ አንባቢ እንዲህ ትጠይቃለች፦ «50 ሜጋ ፋይበር አለኝ። ቀን ላይ ጥሩ ይሠራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን ስልኩ ዋይፋዩን ሙሉ እያሳየ ምንም አይከፍትም። ተማሪዎቹ ካርዱን እየመለሱ ብራቸውን ይጠይቁኛል። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው፣ ዋይፋዩን የሚበትኑት አክሰስ ፖይንቶች ሁለት ናቸው። ወደ 100 ሜጋ ላሳድገው?»

እህቴ፣ ቆይ። መጀመሪያ ችግሩ መስመሩ ላይ ይሁን አየሩ ላይ እንለይ። ዛሬ ማታ ሰው ሲበዛ የማይክሮቲክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሆነውን ዊንቦክስ ክፈቺና ኢንተርኔቱ የሚገባበትን ፖርት ተመልከቺ። ደንበኛ እያማረረ ቁጥሩ 15 ወይም 20 ሜጋ ላይ ከቆመ፣ 50ው አልሞላም ማለት ነው። ቀጥለሽ ሁለቱንም አክሰስ ፖይንት ለሁለት ደቂቃ ንቀይና ላፕቶፕ በኬብል ሰክተሽ ስፒድ ቴስት አድርጊ። 50 አካባቢ ካገኘሽ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። 10 ካገኘሽ ግን ምንም ሳትነካኪ አገልግሎት ሰጪሽ ጋር ደውዪ።

እኔ የምጠረጥረው አየሩን ነው። ዋይፋይ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ታች አስፋልት ዳር የቆመ ስልክ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ በ1 ሜጋ እየተንተባተበ ያወራል። እሱ አንዲት ገጽ እስኪጨርስ አጠገብሽ የተቀመጡት ሁሉ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የድሮዎቹን 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋ ፍጥነቶች አጥፊያቸው። ሲግናሉ ከ-75 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) በታች የወረደ ስልክም እንዳይገባ ከልክዪ።

የአክሰስ ፖይንቶቹን ፓወርም ቀንሺ። ብዙ ሰው ከፍ ሲያደርገው ዋይፋዩ የሚጠነክር ይመስለዋል። አክሰስ ፖይንቱ ቢጮህ ስልኩ ይሰማዋል፤ የስልኩ ድምፅ ግን ትንሽ ስለሆነ መልሱ አይደርስም። «ሙሉ ያሳያል፣ አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ቻናሉን ኦቶ ላይ አትተዪው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ፎቁ ውስጥ ያለው ሱቅና ቢሮ ሁሉ ራውተር አለው። በዋይፋይ አናላይዘር አፕ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት የቆመበትን ቦታ እዪና ቀለል ያለውን ስጪው፤ ሁለቱ ግን አንድ ቻናል ላይ አይሁኑ። የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። 40 ካደረግሽው የጎረቤቱን ረብሻ ሁሉ ትሰበስቢያለሽ። አክሰስ ፖይንቶችሽ 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ክፈቺው። ግድግዳ ብዙ አያልፍም፣ ለአንቺ ግን ይሄ ጥቅም ነው፤ የጎረቤቱም ረብሻ ብዙ አያልፍም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስልኩ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ከቀረ፣ ራውተሩ ለየስልኩ የሚያድለው አድራሻ አልቋል ማለት ነው። የተለመደው አሠራር ወደ 250 አድራሻ ብቻ ይይዛል። ዋይፋይሽ ክፍት ስለሆነ ከዚህ በፊት ገብቶ የሚያውቅ ስልክ በደረጃው ሲያልፍ እንኳ ካርድ ሳይገዛ አንድ አድራሻ ይወስዳል። የሊዝ ጊዜው፣ ማለትም ስልኩ አድራሻውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ 24 ሰዓት ከሆነ እስከ ነገ አይለቅም። 30 ደቂቃ አድርጊው።

ለእያንዳንዱ ካርድ 2 ወይም 3 ሜጋ ገደብ ስጪ፤ ለተማሪ ቪዲዮ ይበቃል። ጠቅላላውን ደግሞ 45 ላይ ያዢው። መስመሩ ጥግ ድረስ ሲሞላ ቴሌግራም እንኳ ይንቀራፈፋል።

የካርዱን ነገር በተመለከተ፣ ለካፌ ደንበኛ ዋይፋይ መስጠትና ኢንተርኔት ቸርችሮ መሸጥ አንድ አይደሉም። የመስመር ውልሽን አንብቢ፣ ፈቃዱንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር ሄደሽ ጠይቂ። ሥራሽን በአንድ ቀን የሚያዘጋብሽ ይሄ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ፖርቱ ማታ ማታ ያስቀመጥሽለት 45 ላይ ተለጥፎ ካመሸ፣ ያኔ 100 ሜጋ ግዢ።