ላውንጅ የሚያስገባ ካርድ የቱ ነው? ጋሽ ማይልስን ጠይቁ

ጋሽ ማይልስ፦ እንደምን አመሻችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ስሠራ ዘንድሮ 9 ዓመቴ ነው። ሰው ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግፎ በርበሬ ሲቀንስም፣ ካርዱን ይዞ ከላውንጅ (ከኤርፖርቱ ማረፊያ አዳራሽ) በር ሲመለስም አይቻለሁ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። የካርዱን ሒሳብ በየወሩ ሙሉውን የማይከፍል ሰው ላውንጅ የሚያስገቡትን ክሬዲት ካርዶች አይንካ። ወለዱ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሌላው፣ ከየት እንደምትነሱ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱና በዓመት ስንቴ እንደምትበሩ ሳትነግሩኝ መልስ አትጠብቁ።

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ባጭሩ የቱ ካርድ ይሻላል?

ጋሽ ማይልስ፦ ናቲ፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ቤቲ (አሌክሳንድሪያ)፦ እኔ በዝርዝር ልጠይቅዎት። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን፤ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። በዓመት አንዴ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከደለስ አዲስ አበባ እንሄዳለን። የካፒታል ዋን ባንክ ቬንቸር ኤክስ ካርድ አለኝ። ቤተሰብ በነጻ ያስገባል ስለተባልኩ ነው ያወጣሁት።

ጋሽ ማይልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ቤቲ፣ የነገረሽ ሰው አልዋሸሽም፤ ወሬው ነው ያረጀው። ካፒታል ዋን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነጻ እንግዳ አስቀርቷል። በራሱ ላውንጅ አዋቂ እንግዳ 45 ዶላር ይከፍላል። ልጅ እስከ 17 ዓመት 25 ዶላር ነው፤ 2 ዓመት ያልሞላው አይከፈልበትም። በፕራዮሪቲ ፓስ፣ ማለት ብዙ የሌሎች ላውንጆችን በሚያስገባው አባልነት፣ የምትገቢባቸው ላይ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 35 ዶላር ነው።

አሁን እናስላው። ደለስ ላይ የካፒታል ዋን ላውንጅ አለ። ፍተሻውን እንዳለፋችሁ፣ ወደ ጌት የሚወስደውን ባቡር ከመያዛችሁ በፊት ታገኙታላችሁ። አንቺ በነጻ ትገቢያለሽ። ለባልሽ 45፣ ለልጆቹ 50፣ በድምሩ 95 ዶላር። ልጆቹ አንዳንድ ኩኪስ በልተው "ማሚ እንሂድ" ይላሉ። ለዚያ 95 ዶላር!

በዓመት 75 ሺህ ዶላር በካርዱ ካወጣሽ በካፒታል ዋን ላውንጆች ሁለት እንግዳ በነጻ ታስገቢያለሽ። ያን ያህል የሚያወጣ ሰው እኔን አይጠይቅም። ባለቤትሽን በተጨማሪ ካርድ ማስገባትም ይቻላል፤ የላውንጅ መብቱ ግን በዓመት 125 ዶላር ነው። በዓመት አንዴ ለሚበር ሰው 45ቱን መክፈል ይሻላል።

ካርዱን ግን እንዳትዘጊው። ዓመታዊ ክፍያው 395 ዶላር ነው። 300ውን ለጉዞ ይመልሱልሻል፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በየዓመቱ 10 ሺህ ማይል (የጉዞ ነጥብ) ይጨምሩልሻል፤ እሱም ለጉዞ 100 ዶላር ያህል ነው። ሁለቱን ከተጠቀምሽበት ካርዱ ራሱን ይችላል። ችግሩ፣ 300ው የሚመጣው ከራሳቸው የጉዞ ድረ ገጽ ስትገዢ ብቻ ነው። ከሐበሻ ትኬት ቤት ከገዛሽ የለም።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ የሐበሻ ትኬት ቤት አይንኩብን።

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለምን አይነካም? በካርድ ልክፈል ስትል 3 በመቶ ጨምር ይሉሃል። ካልሆነ በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ላክ።

የዳላሱ፦ አባቴ ያረፈ ለታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልክ አንስቶ ትኬት የቆረጠልኝ ድረ ገጽ አይደለም። ሰው ነው፤ ያውም በአማርኛ እያጽናናኝ። 3 በመቶ ምን አላት?

ጋሽ ማይልስ፦ ነፍስ ይማር። አንተም ልክ ነህ፣ ናቲም ልክ ነው። እኔ የምለው፣ በዜል ከከፈላችሁ የካርዱ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም። በረራ ቢዘገይ፣ ሻንጣ ቢጠፋ ካርዱ የሚክሰው በካርዱ ለተከፈለ ትኬት ነው። በቃ፣ ወደ ላውንጃችን።

አዲስ ገቢ፦ አሜሪካ ከመጣሁ 7 ወሬ ነው። ፕላቲነም ካርድ ይሰጡኛል?

ጋሽ ማይልስ፦ አይሰጡህም። ገንዘብ አስይዘህ የሚሰጠውን ካርድ ጀምር፣ ትንሽ ትንሽ ተጠቀም፣ በየወሩ ሙሉውን ክፈል። የዛሬ ዓመት እንነጋገር።

ሶል (ዱባይ)፦ እኛ ጋ ያሉት ካርዶችስ?

ጋሽ ማይልስ፦ የዱባይን ባንክ አላውቅም፣ ሶል። ባንክህን በዓመት ስንት መግቢያ እንደሚሰጥና በወር ስንት ማውጣት እንዳለብህ ጠይቀው።

ሄለን (ውድብሪጅ)፦ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን ትመለሳለች። እኔ የቼዝ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ ካርድ አለኝ። በእኔ ካርድ ላውንጅ ገብታ ብታርፍልኝ?

ጋሽ ማይልስ፦ ሄለንዬ፣ አይሆንም። ባለካርዱ ራሱ የዚያን ቀን ቦርዲንግ ፓስ ይዞ አብሮ መገኘት አለበት። ካርዱን ሰጥተሽ ብትልኪያትም በሩ ላይ ስም ያያሉ። እናትሽን እዚያ ከማሳፈር ይሰውረን።

ከላውንጅ የሚበልጥ ነገር ልንገርሽ። ረጅም መንገድ መራመድ የሚከብዳት ከሆነ ለአየር መንገዱ አሁኑኑ ደውለሽ ዊልቸር አስመዝግቢላት። አይከፈልበትም። ከቼክ ኢን እስከ አውሮፕላኑ በር የሚያደርሳት ሰው ይመደባል። ቦሌ ስትደርስም ይቀበሏታል። "ምነው ሰው ምን ይለኛል" ካለችሽ፣ እናቶቻችን ሁሉ እንደዚያ እንደሚሄዱ ንገሪያት። ከዚያ ደግሞ መታወቂያሽን ይዘሽ ቼክ ኢን ላይ የመሸኛ ወረቀት ጠይቂ። አየር መንገዱ ከፈቀደ ፍተሻውን አልፈሽ እስከ ጌቱ አብረሻት ትቀመጫለሽ። ሁሌ አይፈቅዱም፤ መጠየቅ ግን በነጻ ነው። ስልክ ቁጥርሽንና አዲስ አበባ የሚቀበላትን ሰው ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳዋ ውስጥ ክተቺ። የስልኳን ባትሪ አትመኚ።

ሄለን (ውድብሪጅ)፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዊልቸሩን አላሰብኩትም ነበር።

ወለተ ሚካኤል፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። ላውንጅ ውስጥ የጾም ምግብ ይኖራል?

ጋሽ ማይልስ፦ ሰላጣና ፍራፍሬ አይጠፋም። ሌላውን እዚያው ጠይቂ።

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ መንገደኛ እኮ አይጾምም።

ወለተ ሚካኤል፦ ማን ነው ያለው? የንስሐ አባትህን ጠይቀህ ነው?

ቤቲ (አሌክሳንድሪያ)፦ እኔ በሶዬን ይዤ ነው የምሄደው። ከማንም አልጣላም።

የዳላሱ፦ እኔን በበሶ ምክንያት ፍተሻ ላይ 20 ደቂቃ አቁመውኛል። ዱቄቱን አሽተው፣ ፈትሸው...

ጋሽ ማይልስ፦ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ለብቻው ይፈተሻል። በሶውን ከታች በሚገባው ሻንጣ ክተቱትና ወደ ካርዱ እንመለስ። በጾሙ ላይ እኔ ፈራጅ አይደለሁም።

ያሬድ (አትላንታ)፦ የአሜሪካን ኤክስፕረሱ (አሜክስ) ፕላቲነም ካርድስ? ዓመታዊ ክፍያው 895 ዶላር ነው፤ ያዋጣል?

ጋሽ ማይልስ፦ የአሜክስ የራሱ ላውንጅ፣ ሴንቱሪየን፣ አትላንታ አላችሁ፤ ደለስ ግን የለንም። እዚያም እንግዳ 50 ዶላር ነው፣ በዓመት 75 ሺህ ካላወጣህ በቀር። ፕራዮሪቲ ፓስ ላይ ግን ሁለት እንግዳ በነጻ ታስገባለህ። የሄለን ሪዘርቭም እንደዚያው ነው፤ እሱ ዓመታዊ ክፍያው 795 ሆኖ 300 ለጉዞ ይመልሳል። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ሰው ሁለቱም ውድ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙኝ። ካርዱን ማውጣት ብቻ አይበቃም። ፕራዮሪቲ ፓሱን ለብቻ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ከጉዞው በፊት፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ። እኔ ራሴ ሳላስመዘግብ እኅቴን ይዤ አንድ ላውንጅ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። መንገዱን ሁሉ "ጋብዤሻለሁ" ስላት ነበር። በርገር ገዝቼላት ታረቅን።

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ፕራዮሪቲ ፓሱ ከካርዱ ጋር በፖስታ ይመጣል አይደል?

ጋሽ ማይልስ፦ ናቲ!! አሁን ምን አልኩ?

የዳላሱ፦ እኔ በሥራ ምክንያት በወር ሁለቴ ሦስቴ በዩናይትድ አየር መንገድ እበራለሁ። ዓመት ሲሞላ ደግሞ አገር ቤት እሄዳለሁ። ለእኔ የቱ ካርድ ነው?

ጋሽ ማይልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። ለአንተ ካርድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የስታር አልያንስ፣ የአየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ነው። ዩናይትድም አባል ነው። በዩናይትድ ስትበር የሼባ ማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች አባልነት) ቁጥርህን ስጥ፤ ማይሉ እዚያ ይጠራቀማል። ሼባ ማይልስ ላይ ጎልድ ደረጃ ስትደርስ በኅብረቱ ሁሉ ስታር ጎልድ ሆንክ ማለት ነው።

ጥቅሙ ምን መሰለህ? በዩናይትድ በራሱ ጎልድ የሆነ ሰው ከዳላስ ሂዩስተን ሲበር የዩናይትድ ላውንጅ፣ ዩናይትድ ክለብ፣ አይገባም፤ ለአገር ውስጥ በረራ አይፈቀድለትም። በሌላ የስታር አባል ጎልድ የሆነ ግን ይገባል፤ አንድ እንግዳም ይዞ። ፈረንጆቹ ሲሰሙት ይናደዳሉ። ቦሌ ላይም የአየር መንገዱ ላውንጅ የሚያስገባው ክላውድ ናይን (ቢዝነስ ክላስ) የቆረጠንና ስታር ጎልድ ያለውን ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ሻንጣ ይጨመርልሃል። ለእኛ ሰው እሷ ሻንጣ ከላውንጅም ትበልጣለች። መጥፎው፣ ርካሽ ትኬት ትንሽ ማይል ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የትኬትህን ዓይነት እያየህ አስላ።

የዳላሱ፦ ስንት ዓመት በከንቱ በርሬያለሁ ማለት ነው! ካርድስ ጭራሽ አያስፈልገኝም?

ጋሽ ማይልስ፦ ጎልድ እስክትሆን ያለህን ካርድ ተጠቀም። ሙሉውን እየከፈልክ።

ቤቲ (አሌክሳንድሪያ)፦ ስንመለስ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ያርፋል። እዚያ ላውንጅ መግባት ይቻላል?

ጋሽ ማይልስ፦ ባብዛኛው ከአውሮፕላኑ አያወርዱሽም። የሚያርፈው ለነዳጅ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያን ያህል ሰውና ጭነት ከሙሉ ነዳጅ ጋር ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ከደለስ ሲነሳ ይህ ችግር የለም።

አልማዝ፦ እኛ ሁሌ 5 ሰዓት ቀድመን ነው የምንደርሰው። ላውንጅ እስኪሰለቸን እንቀመጣለን ማለት ነው?

ጋሽ ማይልስ፦ ብዙዎቹ ላውንጆች በረራሽ 3 ሰዓት እስኪቀረው አያስገቡም። 5 ሰዓት ቀድመሽ ደርሰሽ፣ ሁለቱን ሰዓት ሰልፍ ላይ ሆነሽ፣ ሻንጣው 26 ኪሎ ሆኖ እንደገና አሥረሽ፣ ፍተሻ አልፈሽ ላውንጅ ስትደርሺ ጥሪ ሊጀመር ነው። ሻንጣሽን ቤትሽ መዝኚ። 23 ኪሎ ማለት 23 ኪሎ ነው።

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ እሺ፣ አሁን በደንብ ልጠይቅ። ብቻዬን ነኝ፣ ከደለስ ነው የምነሳው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ እበራለሁ፣ ሙሉውን እከፍላለሁ።

ጋሽ ማይልስ፦ ተመስገን! ቬንቸር ኤክስ። እንግዳ ስለማትይዝ የቤቲ ችግር አይነካህም። ፕራዮሪቲ ፓሱን ግን...

ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አስመዘግባለሁ፣ አስመዘግባለሁ።

ጋሽ ማይልስ፦ 4 ሰዓት ሆነ። ደህና እደሩ።