ኮሮላዎ ስፒድ ብሬከር ላይ የሚፋቅ ከሆነ አሞርቲዛተር ከመግዛትዎ በፊት ሞላውን (ስፕሪንጉን) ያስፈትሹ

ወንድሜ፣ ብቻዎን ሲነዱ ደህና የሆነው ኮሮላዎ ከኋላ ሦስት ሰው ሲሳፈር በየስፒድ ብሬከሩ እንደሚፋቅና መካኒክዎ አራቱንም አሞርቲዛተር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን ዕቃ) ይቀይሩ እንዳሉዎ ጽፈዋል። እባክዎ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያንብቡ፤ እኔ በዚሁ ምክር የወር ደመወዜን አውጥቼ መፋቁ አልቆመልኝም።

1ኛ፦ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ። የፊት ጎማዎች ጉብታውን አልፈው የኋላዎቹ ገና ሳይወጡ ከሆነ የሚነካው የመኪናው መሐል ነው፤ የኋላ ጎማዎች ከጉብታው ሲወርዱ ከሆነ ግን የኋላው ክፍል ከልክ በላይ እየተጫነ ነው። ከዚያም ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አስገብተው ከሥር ይመልከቱ። የቆየ ፍቀት ዝጎ ይጠቁራል፣ አዲሱ ያበራል። የእኔ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ቦታው እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። ማርሚታውን ያንጠለጠሉት የላስቲክ ማንጠልጠያዎች ተበጥሰው ከሆነ በጥቂት ብር ይገላገላሉ፤ የእኔዎቹ ግን ደህና ነበሩ።

2ኛ፦ የጎማዎን ቁጥር ያንብቡ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 185/70 የነበረውን በ185/60 የቀየረ ሰው ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ያው 14 ኢንች ቢሆንም መኪናውን 18.5 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጎታል።

3ኛ፦ ከፍታውን ይለኩ። እኔን ለኪሳራ የዳረገኝ ይህን አለማድረጌ ነው። አሞርቲዛተር የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን ንጥረት ማብረድ ነው፤ መኪናውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሞላው ነው። ይህን ሳላውቅ አራቱንም አስቀይሬ በማግስቱ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ስወጣ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው ቀለም ያልተቀባ ጉብታ እንደ ቀድሞው ፋቀን። ተመልሼ ለባለ ጋራዡ ብነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መኪናህ አርጅቷል፣ ጭነት ቀንስ» አለኝ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው በሠራተኞቹ ፊት እንዲህ ሲመልስልኝ ያዘንኩት ከገንዘቡ ይልቅ በንግግሩ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሜ ከጎማው እምብርት ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናው አካል) ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካሁ። የኋላ ቀኙ 38 ሴንቲሜትር፣ ግራው 35 ተኩል ሆነ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስጄ ሲፈታ የግራው ሞላ የመጨረሻ ጥምዝ ተሰብሮ ተገኘ፤ ስብራቱም ፊቱ ዝጎ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ይህም ማለት ከተሰበረ ቆይቷል። በእኔ መኪና ላይ ደግሞ የኋላው ሞላና አሞርቲዛተር አንድ ላይ ስለሚታሰሩ፣ ሞላው ታምቆ ሳይወጣ አሞርቲዛተሩ አይቀየርም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው የተሰበረውን ሞላ በእጁ ይዞ፣ አይቶ፣ ምንም ሳይነግረኝ መልሶ ገጥሞታል ማለት ነው። ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንዳንዶች በሞላው ጥምዞች መሐል የጎማ ቁራጭ እንክተትልህ ይሉዎታል፤ እሺ እንዳይሉ፤ ጎማው ያለበት ጥምዝ መሥራት ስለሚያቆም ጫናው ሁሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል። አንዱን ሞላ ብቻም አይቀይሩ። እኔ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ጥንድ ሞላ የገዛሁት ሁለቱን ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን አቁሜ፣ ቁመታቸው እኩል መሆኑንና የዝገት ስንጥቅ እንደሌላቸው ካየሁ በኋላ ነው። ሻጩ ደጋግሞ ቢያጣድፈኝም አራት ጥንድ አስወጥቼ አምስተኛውን ያዝኩ፤ በመረጥኩትም እኮራለሁ። ከተገጠመ በኋላ ሁለቱም ጎን 38 ሆነ፤ አምስት ሰው ሆነን ያንኑ ጉብታ በዝግታ ስናልፍ ምንም አይነካም።

እርስዎም ዛሬ ሰው ሳይጫን ቀኝና ግራውን ይለኩ፤ ቀጥሎ ሦስቱን ሰዎች አሳፍረው ይድገሙትና ቁጥሮቹን ይጻፉልኝ። ሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ ዝቅ ካለ ሞላዎቹ ደክመው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ ግን የዚያ ጎን ሞላ ተፈትቶ የታችኛው ጫፉ በዓይንዎ ፊት እንዲታይ ያስገድዱ።