ጣት በማይገባበት ሆድ ውስጥ ዕጢን መዳሰስ

ጥያቄ፦ እናቴ ጨጓራዋ ላይ ጅምር ካንሰር ተገኝቶባት በላፓሮስኮፒ (ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጅም መሣሪያ አስገብቶ በሚሠራ) ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። ሐኪሙ እጁን ሳያስገባ ዕጢው የት እንዳለ በምን ያውቃል? የሚዳስስ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እኔንም ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስጨንቆኛል። ጅምር የጨጓራ ካንሰር የሚበቅለው ከውስጠኛው ሽፋን ነው፤ ካሜራው የሚያሳየን ደግሞ የጨጓራውን ውጪ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም ያልነካው ይመስላል። ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ሲሠራ የምንተማመነው በጣታችን ነበር። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዬ የጨጓራውን ግድግዳ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ቀስ አድርጌ እንድዳስስ አደረጉኝ፤ ልስልስ እያለ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ቆም አለ። ያቺን ጥንካሬ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በላፓሮስኮፒ የምይዘው ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ሆድ ላይ በተተከለው ቱቦ ሲያልፍ ስለሚፋተግ፣ እጄ ላይ የሚደርሰው የጨጓራው ስሜት ሳይሆን የቱቦው ፍትጊያ ነው። ዳሳሽ መሣሪያዎቹ የታሰቡት ለዚህ ነው። የአንዳንዶቹ ጫፍ ይርገበገባል፤ ጠንካራ ነገር ሲነካ ርግብግቡ ይለወጣል። ጃፓን ውስጥ የተሠራ አንድ ዓይነት ደግሞ በድምፅ ይሠራል፤ በቱቦ ውስጥ ድምፅ ይለቀቃል፣ ለስላሳው ጫፍ ሲጫን ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ይለያል፣ ለውጡን ማይክሮፎን ይይዘዋል። ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በጣም እወድለታለሁ፤ የሚገባው ሰው ሆድ ውስጥ ነውና።

ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ናቸው፤ እናትዎ የሚታከሙበት ቦታ ባይኖሩ አይደንግጡ። በጣም ስስ የሆነ ዕጢ ለጣትም ቢሆን አይሰማም። ዛሬ የምንመካው አስቀድሞ በሚደረግ ምልክት ነው፦ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ከጨጓራው ውስጥ ዕጢው አጠገብ ትንንሽ የብረት መቆንጠጫዎች (ክሊፖች) ይደረጋሉ ወይም ቀለም ይወጋል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ ኢንዶስኮፒ በአፍ ይገባል። ዳሳሾቹም የእነዚያን ክሊፖች ጥንካሬ ከውጭ ለማግኘት ተሞክረዋል።

ቦታው መታወቁ የሚቆረጠውን ይወስናል። የጃፓን የጨጓራ ካንሰር ሕክምና መመሪያ ለጅምር ዕጢ ሲቆረጥ ከዕጢው ጠርዝ 2 ሴንቲሜትር እንዲራቅ ይመክራል። ከዚያ ቢቀርብ ካንሰር ሊተርፍ ይችላል፤ ያለ ልክ ቢርቅ እናትዎ ሊበሉበት የሚችሉት ጨጓራ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ሐኪሙን «ዕጢው ላይ ምልክት የሚደረገው በምንድን ነው? መቼስ ነው?» ብለው ይጠይቁልኝ።