ሴቷን ለምን ይገድሏታል?

ባለፈው ሳምንት ለመመረቂያ ጽሑፏ ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ወደ ዲንሾ ልትወጣ የተዘጋጀች ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እኛ አገር ሴት አጋዘን ማደን አይፈቀድም። እርስዎ በሠሩበት አገር ግን መንግሥት ራሱ ሴቷን ግደሉ ብሎ ፈቃድ ይሸጣል። ትክክሉ የቱ ነው?»

ትክክሉ ሁለቱም ነው ብዬ ልመልስላት ጀመርኩና እጄ ቆመ። ጥያቄው ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷ የጀመርኩትን ደብዳቤ ይህን የዱር እንስሳት ሙያ ለምትማሩ ሁሉ ልጻፈው።

መጀመሪያ መልሱን ላቅርብ። የባሌው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሴቷም በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ግርግር በፓርኩ ምን ያህሉ እንዳለቀ ስሰማ አሜሪካ ነበርኩ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እንዲህ ባለ እንስሳ ላይ ያረጀ ወንድ ብቻ ቢታደን፣ ሴቷ ባትነካ፣ ልክ ነው። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ ግን ስሙን አጋዘን ብንለውም ከኛው ጋር የቅርብ ዘመድ አይደለም። የኛው ወንድ ቀንዱን ይዞት ይሞታል፤ የእነሱ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ጥሎ እንደገና ያበቅላል። የጠገበች ሴት መንታ ትወልዳለች። ከአብዛኛው የምሥራቅ አሜሪካ ጫካ የሚበሏቸው አውሬዎች፣ ተኩላውም ፑማውም፣ ከጠፉ ቆይተዋል። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ስለሚያስረግዝ ወንድ በወንድ ላይ ብትረሽኑ በግንቦት የሚወለደው ግልገል አይቀንስም። ቁጥሩ ያለው በሴቷ እጅ ነው። ሲበዛ ደግሞ ጫካው ከታች ይላጫል፤ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ይታያል እንጂ ከሥሩ የሚተካው ችግኝ አይኖርም።

ይህን ያልተማረ የሙያ ባልደረባ አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ1906 አሪዞና ውስጥ የካይባብ አምባ ተከልሎ አደን ታገደ፣ አውሬው በሺህ እየተገደለ ጸዳ፤ አጋዘኑ በዛና በ1920ዎቹ አጋማሽ በረሀብ ረገፈ። በ1943 ዊስኮንሲን ሴቷም እንድትታደን ሲፈቀድ አዳኞቹ ነገሩን «የ43ቱ ወንጀል» ብለው ሰየሙት፤ ሐሳቡን የደገፈው የዱር እንስሳት አያያዝ ሊቁ አልዶ ሊዮፖልድም ስድቡን ጠጣ። እኔ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው ወደዚያ አዳራሽ የገባሁት።

ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። በምሥራቅ አሜሪካ በአንድ ተራራማ ስቴት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ለቀጠናው የሴት አጋዘን ፈቃድ ይጨመር አይጨመር የሚል የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ቦታው የእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ነው። የማጠፊያ ወንበር፣ ቀጭን ቡና፣ ብርቱካንማ የአዳኝ ኮፍያ ያደረጉ ሦስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች። ጥቁር ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ አነጋገሬም እንግዳ ነው። ይህን የማነሣው ሰበብ ላደርገው አይደለም፤ ግን ያን ማታ ከልክ በላይ ሊቅ መምሰል የፈለግሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስላይዴን አሳየሁ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በእንጨት መሰንጠቂያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በእጃቸው የትምህርት ቤት ደብተር ይዘዋል። «በኛ ሸለቆ ሴት አጋዘን አልቃለች» አሉ። «ከበረዶ በኋላ ኮቴ እቆጥራለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ቆጥሬያለሁ። ይኸው።» ደብተሩን ወደ እኔ ዘረጉት።

አልተቀበልኳቸውም። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ «የአንድ ሰው ዓይን ናሙና አይሆንም። ቀጠናው በጠቅላላው ከሚችለው በላይ ተሸክሟል» አልኩ። ፊት ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ሳቁ። ሽማግሌው ደብተሩን አጥፈው በካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ተቀመጡ። ፈቃዱ ጨመረ።

በሦስተኛው ዓመት ለሌላ ሥራ በዚያ ሸለቆ አለፍኩ። ትኩስ በረዶ ወርዶ ስለነበር ኮቴ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ግማሽ ቀን ሄድኩ፤ የአንዲት ሴትና የአንድ ግልገል ዱካ ብቻ አገኘሁ። ችግኙ ጉልበቴ ደርሷል፣ የሚቀነጥሰው የለም። ጋራውን ተሻግሬ ስወርድ ደግሞ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ፤ ከሰሌዳው ወዲያ ሜዳው ላይ እንደ ፍየል መንጋ የሚግጥ አጋዘን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። እኛ ፈቃዱን የሰጠነው ለጠቅላላው ቀጠና ነው፤ አዳኙ የሚሄደው ግን በሩ ክፍት ወደሆነበት ነው። ሸለቆው የመንግሥት ደን ነው፣ መንገድ አለው፤ ከከተማ የመጣ ሁሉ እዚያ ወረደ። ወዲያ ማዶ ያለው የግል መሬት ተቆልፏል። ቁጥሬ ልክ ነበር። ሽማግሌውም ልክ ነበሩ።

እዚህ ላይ «ሽማግሌ ይሰማ» ልል እንደሆነ ገምታችሁ ይሆናል። አልልም። በዚያ አዳራሽ ከተናገሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ የተናገሩት ስህተት ነበር፤ አንዱማ አጋዘኑን የምንጨርሰው አጋዘን ለሚገጨው መኪና ከሚከፍሉት መድን ድርጅቶች ጉቦ በልተን ነው ብሏል። ያን ሽማግሌ ከሌሎቹ የለያቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን ደብተራቸው ነው። እናንተ ደግሞ ስታስቸግሩኝ በሌላ በኩል ነው፦ ካርታውን በስልካችሁ ከፍታችሁ፣ ቦታውን ሳትረግጡ «ዳታው እንዲህ ይላል» ትሉኛላችሁ። ደግሞ እኔ ምን አፍ አለኝ፤ ያን ማታ ያልኩት ይህንኑ አይደለም?

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ያን ሽማግሌ ለመረዳት መጽሐፍ የማያስፈልገኝ መሆኑ ነው። አያቴ አዳኝ ነበሩ። ወንድ ድኩላ ጥለው ሲመጡ ከሩቅ ፉከራቸው ይሰማል። አንድ ቀን ግን በጨለማ፣ በጓሮ በኩል፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። የጣሏት ሴት ነበረች፣ ያውም ያረገዘች። አያቴ የተሠራውን ጥብስ አልቀመሱም፤ ሳምንት ሙሉ ጠመንጃውን አልነኩም። የአሜሪካኖቹም አባቶች አጋዘን ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመን ወንድ ብቻ ይታደን የሚል ሕግ አውጥተው፣ ሴቷን መግደል ነውር ነው ብለው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። እኔ በስላይድ ልነቅለው የሞከርኩት ይህን ነበር።

የሽማግሌውን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። አወቁኝ፤ ግን ስለዚያ ማታ አላነሡም። ቡና አፈሉ። ደብተሩን አሳዩኝ ስላቸው መሳቢያ ከፈቱ። ከደብተሩ ሥር በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ክምር አለ፤ የሴት አጋዘን ፈቃድ ነው፤ በየዓመቱ አንድ፣ ሁሉም ያልተጠቀሙበት። እየገዙ መሳቢያ ውስጥ ይከቱት ነበር። «እኔ ከገዛሁት ሌላ ሰው አይገዛውም» አሉኝ።

ከደብተሩ ሁለት ገጽ ቀድቼ መሥሪያ ቤት ወሰድኩ። አለቃዬ አይቶ፣ «አንድ ደብተር ናሙና አይሆንም» አለኝ። ዛሬ በአንዳንድ ስቴቶች ለአንድ የተወሰነ መሬት ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ይሰጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፤ የእኔ እጅ ግን የለበትም።

ሽማግሌውን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ በማቀዝቀዣ የቆየ የአጋዘን ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጥተውኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በመኪናዬ መስኮት ጎንበስ ብለው፣ «ወንድ ነው፣ አትፍራ» አሉኝ።

አንቺ ልጄ፣ ዲንሾ ስትደርሺ ገይሳይ ሜዳ ላይ የምትቆጥሪው በማለዳና በማምሻው እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያን የሚነግርሽ አታጪም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ በገብሱ ማሳ ዳር፣ አጋዘኑ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ እረኞቹን ጠይቂና ጻፊልኝ። ስማቸውን ሳይሆን የነገሩሽን ቁጥር፣ እነሱ እንደተናገሩት።