ሂሳቡ ሳይሆን ሰዉ ከበደኝ

ጥያቄ፦ ባንክ ቤት ቴለር ሆኜ ከተቀጠርኩ 7 ወሬ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። ደመወዝ በሚገባ ሰሞን ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። ሲስተም ሲቋረጥ ሁሉም እኔ ላይ ይጮሃል። ማታ እናቴን እንኳ ማናገር ያቅተኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም 4 ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የጡረታ ገንዘባቸውን ሊወስዱ መጡ። ፊርማቸው አልመሳሰል አለ። ቀና ብዬ ሳላያቸው «አይሆንም» አልኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ከወረቀቱ በፊት ሰውየውን ማየት ጀመርኩ። «እንደምን አደሩ አባባ» ይበቃል። ጨዋታ አዋቂ መሆን አይጠበቅብሽም።

ሲስተም ሲጠፋ ዝም አትበይ። ሰውን የሚያናድደው ዝምታው ነው። ተነሺና «ተቋርጧል፤ እንደተመለሰ በተራችሁ አስተናግዳችኋለሁ» በያቸው። መቼ እንደሚመለስ ካላወቅሽ ሰዓት አትናገሪ። ተሳዳቢ ሲመጣ ሱፐርቫይዘርሽን ጥሪ፤ ብቻሽን አትቻይው። ብር እየቆጠርሽ ደግሞ በፍጹም መልስ አትስጪ። የጎደለው ካንቺ ኪስ ነው የሚሞላው።

ለእናትሽም ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት እንደምትፈልጊ ንገሪያት። እኔ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባ ነበር።