ስለ በረሃው የሐር ትል፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ዛሬ የምመልሰው ጎኖሜታ ፖስቲካ ስለምትባለው የእሳት እራት ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ አደራ አለኝ፤ የሐር ቤቷን በባዶ እጅ አትንኩ።

ከሳቢያን፦ ከእንቁላል እስከ ክንፍ እንዴት እንደምታድግ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ለዓመታት የተከታተልኩት ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሴቷ እንቁላሏን በግራር ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ቅጠል እየበላ፣ ቆዳውን ደጋግሞ እየገፈፈ ያድጋል። ይህ አባጨጓሬ ጠጉራም ነው፤ ጠጉሩም ያሳክካል። ሲጠግብ ቅርንጫፍ ይዞ ሐሩን በራሱ ዙሪያ ይፈትልና ጠንካራ ቤት ይሠራል፤ ያንኑ የሚያሳክክ ጠጉር በግድግዳው ላይ ስለሚሰካው፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላም እጅን ይወጋል። በውስጡ ፑፓ (ከትልነት ወደ ክንፋምነት የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ ደረቁን ወራት ያሳልፋል። ጊዜው ሲደርስ የእሳት እራቷ በፈሳሽ አንዱን ጫፍ አለስልሳ ትወጣለች። የምትመገብበት አፍ ስለሌላት፣ ትል ሳለች ባጠራቀመችው ስብ ጥቂት ቀናት ኖራ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች።

ከከዚራ፦ ኪሎው ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ይህን ነጋዴ ይጠይቁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ስለ ሐር ትል የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩን።

መልስ፦ የትኛውን የሐር ትል? በእንጆሪ ቅጠል የሚያድገው፣ በጉሎ ቅጠል የሚያድገው እና ይህች የበረሃዋ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። እባክዎ ጥያቄዎን ለይተው ይጠይቁ።

ከሐረር፦ ሐር የሚገኘው ትሉ ከነቤቱ ሲቀቀል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ከለገሃሬ፦ አይደለም ወንድሜ፤ የጉሎው ቤት አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ እራቷ ወጥታ ከሄደች በኋላ ይፈተላል።

ከሐረር፦ የእንጆሪው ግን ይቀቀላል!

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለያዛችሁት ትል ልክ ናችሁ፤ ወደ በረሃዋ እንመለስ። የእርሷ መለቀም ያለበት እራቷ ከወጣች በኋላ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ካያችሁ ወጥታለች፤ የመርፌ ያህል ቀዳዳዎች ከሆኑ ግን ፑፓዋን የበሉ ጥገኛ ተርቦች የወጡበት ነው። ቀዳዳ የሌለውን ተዉት፤ የመጪው ዓመት ዘር እርሱ ነው።

ከመጋላ፦ የት ትኖራለች? እኛስ ዘንድ አለች?

መልስ፦ በካላሃሪ፣ ማለትም በቦትስዋና፣ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር በደንብ ትታወቃለች፤ በኬንያም ምዊንጊ አካባቢ ትሉን በመረብ ከአዳኞች እየጠበቁ የማሳደግ ሙከራ ተደርጓል። ከምትመገባቸው ዛፎች አንዱ በእኛም ቆላ የሚበቅለው ጃንጥላ መሰሉ ግራር ነው፤ ሆኖም የዛፉ መኖር የእራቷን መኖር አያረጋግጥም። አንዳንድ ዓመት በዛፉ ላይ ትርመሰመሳለች፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል።

ከሳቢያን፦ በእጅ መልቀም ይቻላል?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ አይቻልም፤ ጓንት ይልበሱ። የወደቀውንም ከብት ከሚሰማራበት ያርቁ፤ ከግራር ፍሬ ጋር የዋጠችው ላም ሐሩ በጨጓራዋ ሳይፈጭ ተቋጥሮ ሊገድላት ይችላል።

ከሐረር፦ በኤረር መንገድ ግራር ላይ የተንጠለጠለ ጠጉራም ቤት አይቻለሁ። ቆርጬ ላምጣልዎት?

መልስ፦ አይቁረጡት! ከነቅርንጫፉና ከነቅጠሉ ፎቶግራፍ ያንሱልኝ፤ ቀኑንና ቀዳዳ ካለው ደግሞ ስፋቱን ይጻፉልኝ።