ክኒን ያስገድፋል ወይ?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ካርባማዜፒን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት እየወሰደ ከርሞ ደህና ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ «ክኒን ያስገድፋል» ብሎ የጠዋቱን ከቅዳሴ መልስ 9 ሰዓት ላይ፣ የማታውን 3 ሰዓት ላይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ ሁለት ጊዜ ጣለው። አንድም ክኒን አልዘለለም እኮ! መድኃኒቱ መሥራት አቁሞ ይሆን? ጎረቤቶቼ ጸበል ውሰጂው ይሉኛል።
እናት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ክኒን አልዘለለም፤ ሰዓቱን ነው ያዛባው። እስቲ ይቁጠሩት። ከቀኑ 9 እስከ ማታ 3፣ 6 ሰዓት። ከማታ 3 እስከ ማግስቱ 9 ደግሞ 18 ሰዓት! ካርባማዜፒን ሲወስድ በቆየ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ቀን ወይም ትንሽ ዘግይቶ በግማሽ ይቀንሳል። ቀትር ላይ እንግዲህ የማታው ደክሟል፣ የቀኑ ገና አልተዋጠም። ማታ ደግሞ ሁለቱ ይደራረባሉ። ያዞረው እንደሆነ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው እንደሆነ ይጠይቁት።

እዚህ ቡራዩ ጾም በገባ ቁጥር መድኃኒት ቤታችን የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። እኔ ከባዶ ሆድ ይልቅ የምፈራው የክኒን መዘግየትንና እንቅልፍ ማጣትን ነው። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በጉንጭ ውኃ ይዋጠው፤ ምግቡን እስከ 9 ይጹም። ካቅለሸለሸው ለሐኪሙ ይንገር። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልለታል፤ ግን ይህን ከእኔ ከመድኃኒት ሻጯ ከሚሰማ ከንስሐ አባቱ ቢሰማው ይሻላል። ክኒኑን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ።

«እኔም ይኸው በሽታ አለብኝ፣ ስጾም ግን ምንም አልሆንኩም» የሚል ጎረቤት ካለ፣ ምናልባት ፌኖባርቢታል የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይሆናል የሚወስደው። እሱ ማታ አንዴ ተውጦ ደም ውስጥ ለቀናት የሚቆይ ነው። ያንን አይቶ መድኃኒት መለዋወጥ ግን አይሞከርም፤ ለውጥ ካስፈለገ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ነው። (ረመዳን ለሚጾሙ፣ በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ይቀላል፤ በእኛ አገር ከሱሁር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ከምናምን ስለሆነ ሁለቱ ክኒኖች ራሳቸው ይገጥማሉ።)

ይልቅ የሚያሳስበኝ ገና የሚመጣው ነው። ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስግደት፣ ከዚያ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ የማይቀመስበት አክፍሎት፣ ቅዳሜ ሌሊት ቆሞ ማደር፣ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ደግሞ ጠላው። ጤነኛውንም የሚያደክም ነገር ሁሉ በሁለት ቀን ተጠራቅሞ ይመጣል። አክፍሎቱን ይተወው። ቤተ ክርስቲያን ማደሩ ካልቀረለት ቅዳሜ ቀን በደንብ ይተኛ፣ ክኒኑ ኪሱ ውስጥ ይሁን፣ ጠላው ይቅርበት።

ጸበሉን ይውሰዱት፣ ማን ከለከለዎት! ክኒኑን ግን ቤት ትቶ እንዳይሄድ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሳያባራ ደጋግሞ መጣል ያመጣል፤ ያ ነው ሰው የሚገድለው። ሲጠመቅም ብቻውን አይሁን።

ከጣለው ክብሪት ጭሮ ማሽተቱ፣ አፉን በማንኪያ መፈልቀቁ ይቅር። በጎኑ አስተኝተው ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ባጃጅም ይሁን ያገኙትን ጠርተው ወደ ሆስፒታል።